መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ ይታወቅ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው በአንዲት የክልል ከተማ ነው። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀበሌው ሰብስቦን ‹እናንተ አዋጡ፣ ቀሪውን ማዘጋጃ ቤት ይጨምርና ኮብልስቶን ይነጠፍላችኋል› ተባልን። 64 አባወራ ነን፤ እያንዳንዳችን 5 ሺህ ብር አዋጣን። እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አልመጣም። ስንጠይቅ አንዴ ‹በጀት አልተለቀቀም›፣ አንዴ ‹መሐንዲሱ ተቀይሯል›፣ አንዴ ‹ክረምቱ ይለፍ› ይሉናል። በዚህ ላይ በየክረምቱ ታች ያሉት ዘጠኝ ቤቶች ውስጥ ጎርፍ ይገባል። ባለፈው ሐምሌ ሽማግሌ መርጠን፣ ፎቶ ይዘን ሄድን። ‹እናየዋለን› አሉን። ለማን አቤት እንበል? ወይስ ገንዘባችንን አስመልሰን ራሳችን እናንጥፈው?»

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ። ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። 11 ዓመት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የመሠረተ ልማት መሐንዲስ ነበርኩ። እናንተ ሽማግሌ ልካችሁ ስትመጡ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠው «እናየዋለን» ከሚሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። አሁን የምሠራው በግሌ ነው። ስለዚህ የአቤቱታ አድራሻ ብቻ ሰጥቼ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። አድራሻው የችግራችሁ ትንሹ ክፍል ነው።

ዋናው ሌላ ነው። የሄዳችሁት በማይሆን ወር ነው። የጠየቃችሁትም ድንጋይ ነው፤ ችግራችሁ ግን ውሃ ነው።

ከወሩ ልጀምር። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። እናንተ ፎቶ ይዛችሁ በሐምሌ ስትደርሱ የዓመቱ ገንዘብ በየሥራው ተደልድሏል። ምክር ቤቱ ወይ አጽድቆታል ወይ ሊያጸድቀው እጁን እያወጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤያችሁን ያነባል። ፎቶውን ያያል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያዝናል። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ ዳር ላይ «ለመሠረተ ልማት፦ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራል። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ደግሞ በጀት የሌለውን ነገር ምን አድርጌ ላቅርበው? ወደ መዝገብ ቤት እልከዋለሁ። ፋይል ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ሲያባራ እናንተም ትረሱታላችሁ፣ እኛም እንረሳዋለን። በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ፎቶ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

ማዘጋጃ ቤት የሚንቀሳቀሰው በዕቅድ ውስጥ በሰፈረ መስመር ነው። በብዙ ከተሞቻችን ይህን ዕቅድ «ሲአይፒ» ሲሉት ትሰማላችሁ፤ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ማለት ነው። የሦስት ዓመት ነው። በየዓመቱ ያለፈው ዓመት ይወጣና ከፊት አንድ ዓመት ይጨመርበታል። አሠራሩ የተስፋፋው በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተካሄዱት የከተሞች ፕሮግራሞች ጋር ነው። በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ከተሞች ተጀመረ። በ2006 ወደ 44 ሰፋ። በ2010 ደግሞ ዩአይአይዲፒ በሚባለው ፕሮግራም 117 ከተሞች ገቡበት። ገንዘቡ የሚሰጠው ከተማው በየዓመቱ እየተመዘነ ነበር። ሕዝቡ በዕቅዱ ላይ ተወያይቷል ወይ የሚለው አንዱ መመዘኛ ነበር። ለዚህ ነው በየዓመቱ «የሕዝብ ውይይት» የሚጠራው።

ያ ስብሰባ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ የቢሮ ሰው ነው። አንዱ ስለ መብራት ያማርራል፣ አንዷ ስለ ውሃ፣ አንዱ ስለ ሌባ። ሁሉም እውነት ነው። ጸሐፊው ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? «ነዋሪዎች የመሠረተ ልማት ጥያቄ አንስተዋል።» የማን መንገድ? ከየት እስከ የት? የለም። እኔ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ዕቅድ ሳዘጋጅ ከማውቀው ሰፈር፣ ከሚወተውተኝ ሰፈር ነበር የምጀምረው። ይህን ስናገር አልኮራበትም።

እናንተ ወትዋች ሁኑ። እጅ አውጥታችሁ ከየት እስከ የት፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ቤት ብላችሁ በቁጥር ተናገሩ። ከዚያ ስብሰባው አለቀ ብላችሁ አትሂዱ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። መንገዳችሁ በስሙ ካልተጠራ «ይጻፍልን» በሉ።

ጊዜውን ደግሞ ያዙት። ከከተማ ከተማ ትንሽ ይለያያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ለልኬት ነው። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ደብዳቤ ይገባል። የካቲትና መጋቢት አካባቢ ውይይቱ ይጠራል። ግንቦትና ሰኔ ረቂቅ በጀቱ የሚዘጋጅበት ነው፤ ያኔ አንድ ቀን ጎራ ብላችሁ «ገብቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ከገባ ጨረታው ክረምቱን ይይዝና ሥራው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ይጀመራል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኮብልስቶን በሥርዓቱ ከተነጠፈ ዕድሜ ያለው ነገር ነው። በአገራችን የተስፋፋው በ1990ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከጀርመኖች ጋር በነበረ የቴክኒክ ትብብር ተሞክሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ከተዛመተ በኋላ ነው። ድንጋዩ የአገር፣ ጉልበቱም የአገር ነው። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ አብሮት መጣ። ለእኔ ግን ጥሩ አንጣፊ ከሰነፍ መሐንዲስ ይበልጥብኛል።

ከሥሩ ምን እንዳለ ልንገርዎት። መጀመሪያ አፈሩ ይቆረጣል። ዋልካ ከሆነ ተነሥቶ ይጣላል፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። በምትኩ ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሸዋ ገብቶ ይጠቀጠቃል። በላዩ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ አሸዋ ይደረጋል። ከዚያ ነው ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚጠጋው ጥርብ ድንጋይ የሚደረደረው። ግራና ቀኝ የጠርዝ ድንጋይ በሲሚንቶ ይታሰራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋዮቹን የያዛቸው ሲሚንቶ አለመሆኑን ነው። የያዛቸው እርስ በርስ መጠባበቃቸውና ያ ጠርዝ ነው። ውሃ ከጠርዙ ሥር ገብቶ አሸዋውን ካጠበው አንዱ ድንጋይ ይወልቃል። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከዚያ እንደ አሮጌ ጥርስ መርገፍ ነው።

አንድ ቁልቁለት መንገድ ትዝ ይለኛል። ግንቦት ላይ ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ቆሎና ለስላሳ ቀረበ። የጎርፍ መውረጃ አልነበረውም። «ቦዩ በሚቀጥለው ዓመት» ተብሎ ነበር። ነሐሴ ላይ ስሄድ የመንገዱ ታችኛው ጫፍ ተገልብጦ አንዲት እናት ደጅ ላይ ተከምሯል። እሳቸው ድንጋዩን እየለቀሙ በረድፍ ደርድረው ከጭቃው በላይ መረማመጃ ሠርተውበታል። «ለእኔስ ደረሰኝ ልጄ» አሉኝ። ዲዛይኑ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

ለዚህ ነው ድንጋይ አትጠይቁ የምለው። አፈር ከዝናቡ የተወሰነውን ይጠጣል። ድንጋይ ሲነጠፍ የሚጠጣው ያንሳል፣ የሚወርደው ውሃም ይፈጥናል። ቦይ ሳይኖር ቢነጠፍላችሁ ውሃ የሚገባባቸው ዘጠኝ ቤቶች አሥራ አምስት ቢሆኑ አይገርመኝም። ላይኞቹ ጫማቸው ንጹሕ ይሆናል፣ ታችኞቹ ፍራሽ ያሰጣሉ። ከዚያ እድሩ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። አይቻለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን አድርጉ። ሦስት አራት ሰው ሁኑ። ሜትር ያዙ፤ ከአንድ ግንበኛ 50 ሜትር የሚለካ ተዋሱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉ። መንገዱ ላይኛው ጫፍ ላይ አፍስሱትና ተከተሉት። የሚቆምበትን፣ የሚጠማዘዝበትን፣ ወደ ግቢ የሚያጋድልበትን ጻፉ። ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን በመሣሪያ የተለካ ካርታ ይዤ ከቢሮ ስወጣ ያላየሁትን በጀሪካን አይቻለሁ። ዘጠኙ ቤቶች ጋ ስትደርሱ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን የጭቃ መስመር ፈልጉ። ከወለሉ እስከ መስመሩ ለኩ። በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሜትሩን አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡ። የሚያለቅስ ሰው ፎቶ ብዙ አይቻለሁ፤ ሜትር ያለበት ፎቶ ግን በአገልግሎት ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው የመጣልኝ። ሁለቱም ዕቅድ ውስጥ ገብተዋል።

ከዚያ ወደ ታች ቀጥሉ። የቦይ ትልቁ ጥያቄ ስፋቱ ሳይሆን መጨረሻው ነው። ውሃው የት ይደፋ? ወንዝ አለ? ትልቅ ቦይ አለ? በመንገድ ሥር የሚያልፍ ቱቦ አለ? ካለ ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንዱ ቤት ሲሠራ የደፋው አፈር ነው። እንዲህ ከሆነ የችግራችሁ ግማሽ በአንድ ቀን አካፋ የሚፈታ ነው፤ ደብዳቤም አያስፈልገውም። አንድ የሚያሳፍር ነገርም ልጨምር። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በድብቅ ከጎርፍ ቦዩ ጋር ያገናኘ ጎረቤት ካለ መጀመሪያ እሱን እዚያው እድሩ ውስጥ ጨርሱት። መሐንዲሱ መጥቶ ሽታው ከተቀበለው ወሬው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል፣ የእናንተ ጥያቄ ይረሳል።

አሁን ደብዳቤው። ብዙ አቤቱታ አንብቤያለሁ። «እጅግ አሳሳቢና ልብ የሚነካ» የሚለው ሐረግ በበጀት ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም። እንዲህ ብትጽፉት ይበቃል፤ ቁጥሩን በራሳችሁ ልኬት ተኩት፦

«ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለው 210 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ የጎርፍ መውረጃ የለውም። ባለፈው ክረምት ውሃ 9 መኖሪያ ቤቶች ውስጥ እስከ 40 ሳንቲሜትር ገብቷል። መንገዱን የሚጠቀሙት 64 አባወራና ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉ ልጆች ናቸው። ነዋሪው 320 ሺህ ብር አዋጥቷል፤ ማስረጃው ተያይዟል። በመጪው የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ቀጥሎ የኮብልስቶን ንጣፍ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።»

በሁለት ቅጂ ውሰዱት። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ። በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳታስመቱ ከበሩ አትውጡ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢባሉም ችግር የለም፤ መዝገብ ቤት ስብሰባ አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ «ስለ ሰፈራችን ጉዳይ» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር በዚህ ቀን ስላስገባነው» ነው የምትሉት። መሐንዲሱ ሲቀየርም አዲሱ ሰው ከዚያ ቁጥር ይጀምራል።

ወደ ገንዘቡ። 64 በ5 ሺህ 320 ሺህ ብር ነው። ትልቁ ጥያቄዬ አሁን የት ነው ያለው የሚለው ነው። በእድሩ ሒሳብ? ኮሚቴውና ቀበሌው በጣምራ በሚፈርሙበት የባንክ ሒሳብ? ወይስ ለማዘጋጃ ቤት ገቢ ሆኗል? ጥያቄዎ ይህን አልነገረኝም፤ እናንተም እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነገ ጠዋት የሚጠየቀው እሱ ነው። ገቢ ከሆነ የመንግሥት ደረሰኝ አለው። በነጭ ወረቀት ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ካለ ደግሞ በማስረጃው ላይ በፍጥነት ሥሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሚቴም ሊቀ መንበርም ይቀያየራል። የባንክ ሒሳብ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ስቴትመንት አውጥታችሁ እድሩ ፊት አንብቡት። ሰው የሚናደደው ገንዘቡ ስለዘገየ ብቻ አይደለም፤ የት እንዳለ ስላላወቀ ነው።

ዋጋውንም አትርሱ። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው የድንጋይ፣ የሲሚንቶና የትራንስፖርት ዋጋ ዛሬ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ «በጀት የለም» ሲል ግማሹ ትርጉሙ «ያኔ የገመትነው አሁን አይበቃም» ነው፤ አፍ አውጥቶ ግን አይለውም። አዲስ ግምት ከነዝርዝሩ ጠይቁ፤ ቦዩ ለብቻ፣ ንጣፉ ለብቻ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ቦዩን አሁን፣ ንጣፉን በሚቀጥለው ዓመት ማለት ትችላላችሁ። በተገላቢጦሽ ግን አትስማሙ።

ግምቱን ወይም ዕቅዱን «አናሳይም» ቢሉስ? የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለላችሁ። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለሕዝብ ግንኙነቱ በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ከከለከሉ ምክንያቱን መጻፍ አለባቸው። ብዙ ጊዜ እዚያ ሳይደረስ ነገሩ ይፈታል፤ «ምክንያቱን ጻፉልን» ሲባል ወረቀቱ ከመሳቢያ ይወጣል።

ሕገ መንግሥቱም ከእናንተ ጋር ነው። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይላል። ምክሬን ከሰሙ ግን ቢሮ ስትገቡ በሱ አትጀምሩ። ሕገ መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ሰውየው ጠበቃ የመጣበት ይመስለዋል፣ ይዘጋል። ለእንባ ጠባቂ አቆዩት።

እንግዲህ «ለማን አቤት እንበል» ላሉት መልሱ ይህ ነው። በመጀመሪያ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ላለው የቅሬታ ሰሚ ክፍል በጽሑፍ። ቀጥሎ የሰፈራችሁ የምክር ቤት ተወካይ፤ ማን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ ብዙ ሰው አያውቅም፣ አፈ ጉባኤው ቢሮ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በክልሎች ቅርንጫፎች አሉት፣ ክፍያ የለውም። ግን መጀመሪያ «ራሱን መሥሪያ ቤቱን ጠይቃችኋል?» ይላችኋል። ያ ማህተም ያለበት ቅጂ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ገንዘቡ ጠፍቶ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ፀረ ሙስናና ፖሊስ። እስካሁን ግን ከጻፉልኝ ውስጥ መጥፋቱን የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ ስለዚህ ሰው ከመወንጀል በፊት ስቴትመንቱን አውጡ።

ሥራው ከተፈቀደ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። አንደኛ፣ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት የውሃ መሥሪያ ቤቱ በዚያ መንገድ ሥር ቱቦ የመዘርጋት ዕቅድ እንደሌለው በደብዳቤ ያረጋግጥ። መብራቱና ቴሌውም እንዲሁ። በተመረቀ በሦስተኛ ሳምንቱ ተቆፍሮ የተመለሰ መንገድ ያላየ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ጊዜያዊ ርክክብ የሚባል ቀን አለ፤ ሥራው ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ ከሥራ ተቋራጩ መጀመሪያ የሚረከብበት ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ከሥራ ተቋራጩ ክፍያ የተወሰነው ተይዞ ይቆያል። ያን ዓመት አንድ ክረምት ያልፍበታል። የወለቀውን፣ የሰመጠውን፣ ውሃ ያቆረውን በዚያ ክረምት መዝግባችሁ ከመጨረሻው ርክክብ በፊት አስገቡ። የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ በኋላ ብትመጡ ማንም አይሰማችሁም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ ገንዘባችንን አስመልሰን ራሳችን እናንጥፈው ወይ? አይሆንም። ያለ ፈቃድና ያለ ደረጃ ልክ የተነጠፈ መንገድ ከጎረቤት ግቢ ጋር ያጋጫችኋል፣ ነገ ማዘጋጃው ከፍታውን ሲያስተካክል ያፈርሰዋል፣ ውሃው ለገባበት ቤትም ተጠያቂዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ። ቱቦ መጥረግ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም። ክረምት ሳይገባ አንድ እሑድ፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው፣ አካፋና ጆንያ ይዞ ይውጣ። ያወጣችሁትን ደለል ቦዩ ዳር አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ጋሪ ተከራይታችሁ ከሰፈር አውጡት።